የማይነሳው ኮምፒውተር ጉዳይ አጣሪ ኮሚቴ

ታላላቅ ሥራዎች የሚሠሩት በታላላቅ አዳራሾች ውስጥ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ፣ በአንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ውስጥ፣ በስፌት ክፍሉና በወጥ ቤቱ መካከል ያለችውን ጠባብ ክፍል አላያትም ማለት ነው። ክፍሏ ቀድሞ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ነበረች። ከስድስት ወር ወዲህ ግን በሯ ላይ «የቤተሰቡ የመረጃ ቴክኖሎጂ ዋና መምሪያ፤ ሳያንኳኩ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎባታል። መጥረጊያውና ባልዲው በተካሄደው መልሶ ማደራጀት መሠረት ወደ መታጠቢያ ቤት ተዛውረዋል።

የመምሪያው ዋና ኃላፊ የልብስ ሰፊዋ ባል ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ መስመር ሲቀጥል ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ እጁ የተፍታታ፣ አፉ ደግሞ ከእጁም የበለጠ የተፍታታ ሰው ነው። ምክትል ኃላፊውም፣ የጥገና ሹሙም፣ ተላላኪውም እሱው ራሱ ነው። ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» ይለዋል። ይህን ቅጽል ስም ያወጣችለት ሚስቱ ስትሆን፣ ለሙገሳ ይሁን ለሌላ ነገር እስከ ዛሬ ደፍሮ አልጠየቃትም።

የመምሪያው ንብረት አንድ ኮምፒውተር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት «ከጥቅም ውጭ» ብሎ ሲጥለው ኢንጂነሩ በትከሻው ተሸክሞ አመጣው። ድሮ ነጭ የነበረው አካሉ ቢጫ ሆኗል፤ ሲበራም ከወንበር እንደሚነሳ ሽማግሌ ያቃስታል። ኢንጂነሩ ግን አሮጌ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለም፣ ሰነፍ ባለቤት እንጂ፣ የሚል ጽኑ አቋም ነበረው። በዚሁ አቋሙ መሠረት ሊኑክስ የተባለውን፣ በነፃ የሚገኝና ለደካማ ማሽን የሚራራ ሥርዓት ጫነበት። ሥራው አርባ ቀን ፈጀ። ሌሎች ባለሙያዎች ይህንኑ በአንድ ሰዓት ይጨርሱታል ይባላል፤ ችኮላ ግን የመምሪያው ባህል አይደለም።

በምረቃው ዕለት ሁለት እንግዶች ተገኙ፤ ሚስቱና አውቶቡስ ነጂ የሆነው ወንድሟ። ኢንጂነሩ ደረቱን ነፍቶ ንግግር አደረገ።

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት የደንበኞች ልኬት በደብተር አይጻፍም» አለ። «ወረቀት ይቀደዳል፣ ይረጥባል፣ ይጠፋል። ማሽን ግን አይረሳም።»

ሚስቱ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ትከሻና ወገብ የጻፈችበትን ሰማያዊ ደብተር ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማ ነበር። ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ አልነበረም። ከቁጥሩ ጎን «ግራ ትከሻዋ ዝቅ ይላል»፣ «ይጥበብልኝ ብትል አትስሚያት»፣ «ስትለካ ትንፋሽ ትይዛለች፤ ሁለት ሴንቲ ይጨመር» የሚሉ ማስታወሻዎች ነበሩበት። ኢንጂነሩ ደብተሩን በክብር ተረከበ። እንደማይጥለው ቃል ስለገባላት አልጣለውም፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ከስክሪኑ ሥር አስገባው። ስክሪኑ ለዓይኑ ዝቅ ብሎበት አንገቱን ሲያመው ሰንብቶ ነበርና፣ የደብተሩ ውፍረት ልክ ሆነለት። በመምሪያው ቃለ ጉባኤ ላይ ጉዳዩ «ነባሩ ሰነድ ወደ መዝገብ ቤት ገቢ ተደርጓል» ተብሎ ሰፈረ።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ወር ሙሉ ሥርዓቱ ያለ እንከን ሠራ። ማስረጃው ግልጽ ነው፤ ሚስቱ በየቀኑ ትሰፋለች፣ ልብሱም ለሰውየው ልክ ይሆናል። ኢንጂነሩ በየሳምንቱ «ማሽኑ እንዴት ይዞሻል?» ብሎ ይጠይቃታል፤ እሷም «ደህና ነው» ትለዋለች። ከዚህ አልፎ መመርመር በሠራተኛ ላይ እምነት ማጣት መስሎ ይታየው ነበር።

ጉዱ የመጣው ከጥንቃቄ ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ኢንጂነሩ የአደጋ ዝግጁነት ልምምድ አካሄደ። ሊኑክስ አንድ ቀን አልነሳም ቢል ማሽኑን መቀስቀሻ የሚሆን፣ ዕድሜው ከማሽኑ የማያንስ አንድ ዲስኬት መሳቢያ ውስጥ ነበረው። በላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ለአደጋ ጊዜ ብቻ» ብሎ ጽፎበታል። አውጥቶ አቧራውን እፍ አለበት። አደጋ ሲደርስ በፍለጋ ጊዜ እንዳይባክንም፣ ከማሽኑ ፊት ባለው የዲስኬት ቀዳዳ ውስጥ ሰክቶ ተወው። ከዚያም አቧራ እንዳይገባ በሚል ሚስቱን ያሰፋትን ባለ ጥልፍ መጋረጃ በማሽኑ ፊት ላይ መልሶ ጋረደና፣ ነገሩን በሙሉ ኃላፊነት ረሳው።

ሰኞ ጠዋት ማሽኑ አልነሳም።

ጨርሶ አልነሳም ማለት ማሽኑን ማማት ይሆናል። አቃሰተ፣ ግርር ግርር አለ፣ በጥቁሩ ስክሪን ላይ «ሊኑክስን በመጫን ላይ» ብሎ ጻፈና ነጥብ መደርደር ጀመረ። ዘጠኝ ነጥብ ደርድሮ ቆመ። ኢንጂነሩ አሥረኛዋን ነጥብ ቁርሱ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጠበቃት። አልመጣችም። አጥፍቶ አበራው፤ ማሽኑ አሁንም ዘጠኝ ላይ ቆመ።

ሚስቱ አንኳኩታ በበሩ ብቅ አለች።

«ዛሬ አልነሳም አለህ እንዴ?»

«ጊዜያዊ የቴክኒክ መዘግየት ነው።»

«አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ሥራው። በኔ ምክንያት እንዳትጨነቅ።»

«የቅዳሜውስ ሠርግ?»

«እሱን ለኔ ተወው» አለችውና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ቅዳሜ የምትዳረው የሰፈሩ ክሊኒክ ዋና ነርስ ልጅ ናት። ስምንት ሚዜዎች አሏት፤ የስምንቱም ቀሚስ የሚሰፋው በዚህ ቤት ነው። አምስቱ ሌላ ከተማ ስለሚኖሩ የተለኩት ከሁለት ወር በፊት ነው፤ የሚመጡትም ዓርብ አመሻሽ ላይ ነው። ቀሚሶቹ ካማሩ ነርሷ የክሊኒኩን ሠራተኞች ጋውን በሙሉ እዚህ ልታሰፋ ቃል ገብታለች። ሚስቱ ይህን ሥራ ስትመኝ ዓመት አልፏታል። አሁን የስምንቱም ልጆች ልኬት ከዘጠነኛዋ ነጥብ ጀርባ ተቆልፎበት ቀረ። ሚስቱ ምሬቷን ውጣ እሱን እያጽናናች እንደሆነ ኢንጂነሩ ወዲያው ገባው። ሰው በቀላሉ የማይገባው ነገር ለእሱ ፈጥኖ ይገባዋል።

ወዲያውኑ የማይነሳው ኮምፒውተር ጉዳይ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና የቴክኒክ አማካሪው በአንድ ድምፅ የተመረጡት በዚያው ክፍል ውስጥ ከነበረው ብቸኛ ሰው ነው። የኮሚቴው የመጀመሪያ ውሳኔ ወፍራሙ የሊኑክስ መመሪያ መጽሐፍ እንዲቀርብ የሚል ነበር። ኢንጂነሩ መጽሐፉን በቃሌ አውቀዋለሁ እያለ ስድስት ወር ሙሉ ገልጦት አያውቅም። አሁን ሲፈልገው የውሃ ሽታ ሆነበት። መደርደሪያ ላይ የለም፣ አልጋ ሥር የለም፣ የማይሆን ነገር ሁሉ በሚቀመጥበት ቁም ሣጥን አናት ላይም የለም።

«መጽሐፌን ያነሳው ማነው?» ብሎ ከመምሪያው ተጣራ።

«እሱን እኮ እኔ...» አለች ሚስቱ ከስፌት ክፍሉ።

«ባለሙያ ሲሠራ ጣልቃ አይገባም» ብሎ አቋረጣት። «ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩት።»

ኮሚቴው ቀጥሎ መሳቢያውን ቢከፍት ያ ለአደጋ ጊዜ የተቀመጠው ዲስኬትም በቦታው አልተገኘም። ይህም በቃለ ጉባኤው ላይ እንደ ሁለተኛ አደጋ ተመዘገበ።

ማክሰኞ የማሽኑ ጎንና ጀርባ ተፈታ። ኢንጂነሩ የማሽኑ ሰዓት ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ መመለሱን ደረሰበትና፣ ሰዓት የምትጠብቅለትን ጠፍጣፋ ባትሪ መቀየር እንዳለበት ወሰነ። ባትሪዋ የተገኘችው ከወጥ ቤቱ ሚዛን ውስጥ ነው። ማሽኑ ከዚያ በኋላ ትክክለኛውን ቀንና ሰዓት አውቆ ዘጠነኛዋ ነጥብ ላይ ቆመ። ሚሞሪውን ነቅሎ በላጲስ ፈተገው፤ ኬብሎቹን ነቅሎ መልሶ ሰካቸው፤ ማራገቢያውን በሚስቱ የዱቄት ብሩሽ ጠረገው። ማሽኑ በየጊዜው ንጹሕ እየሆነ መጣ እንጂ ሐሳቡን አልቀየረም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከጎን ያለው የስፌት መኪና ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ አላቋረጠም። ኢንጂነሩ ድምፁን እየሰማ ራሱን ይጠይቃል። ልኬት የሌላት ሴት ምን ልትሰፋ ትችላለች? የአሮጌ ትራስ ልብስ እየጠቀመች ሐዘኗን ስትረሳ ታየው። ገብቶ እንዳያያት ደግሞ ዓይኗን የሚያይበት ዓይን አልነበረውም።

ረቡዕ ሚስቱ ዚፕ ልትገዛ ወጣ እንዳለች በሩ ተንኳኳ። ኢንጂነሩ ብሎን መፍቻውን እንደያዘ ከፈተ። ዋናዋ ነርስ ናት።

«ስለ ቀሚሶቹ ነበር የመጣሁት» አለች።

«ይገባኛል። ነገሩ በመጣራት ላይ ነው።»

«ምኑ ነው የሚጣራው?»

«የልኬት መረጃው ለጊዜው ተደራሽ አይደለም።»

«ጠፋ ማለትዎ ነው?»

«አልጠፋም። ያለበት ቦታ በትክክል ይታወቃል። ያልታወቀው እንዴት እንደሚወጣ ነው።»

«እሺ፣ ቀሚሶቹስ?»

«እነሱን በተመለከተ ኮሚቴው ሥራውን ሲጨርስ መግለጫ ይሰጣል።»

ነርሷ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ትኩሳቱን በዓይኗ የምትለካ ትመስል ነበር። «ሠርጉ እኮ ቅዳሜ ነው» አለች።

«ኮሚቴው ያውቃል» አላት።

ነርሷ ተመለሰች። ኢንጂነሩ ደንበኛዋን በዘዴ እንዳረጋጋት ተሰምቶት በሩን ዘጋ። ለሚስቱ ግን አልነገራትም፤ በሐዘኗ ላይ ሐዘን መጨመር አልፈለገም።

ሐሙስ አውቶቡስ ነጂው ከሥራ መልስ ብቅ አለ። መምሪያው ሲገባ ወለሉ በብሎን ተሞልቷል። ኢንጂነሩ ማሽኑን አበራና እንግዳው የዘጠኙን ነጥብ ጉዞ እንዲመለከት ፈቀደለት። ነጂው ግን ስክሪኑን አላየም፤ እንደ ሥራው ልማድ ጆሮውን አዘንብሎ አዳመጠ።

«ጋሼ፣ ይሄ ግርር የሚለው ነገር ከፊት ነው የሚመጣው።»

«ከፊት ያለው መጋረጃ ነው።»

«ከመጋረጃው ጀርባስ ምን አለ?»

«የማሽኑ ፊት ነዋ።»

«እስቲ ገለጥ አድርገን...»

«ስማ፣ አንተ አውቶቡስህን ንዳ። እዚህ ያለነው በሞተር ላይ አይደለም።»

በዚያ ቀን ቃለ ጉባኤ ላይ «ከትራንስፖርት ዘርፍ የቀረበው አስተያየት ከምስጋና ጋር ውድቅ ሆኗል» የሚል ሰፍሯል።

ዓርብ ቀትር ላይ የሚፈታ ነገር አለቀ። ኢንጂነሩ ሁሉንም መልሶ ገጠመ፤ ሦስት ብሎን ተረፈው። አበራው። ዘጠኝ ነጥብ። ያን ጊዜ ወለሉ ላይ ቁጭ አለና አፈረ። በምረቃው ቀን ማሽን አይረሳም ብሎ የተናገረው ትዝ አለው። ሚስቱ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ መቆሟም አሁን በስድስት ወሩ መጣበት። እሷ ሃያ ዓመት ያቆየችውን ስም እሱ በአንድ ሳምንት እንዳጠፋው አመነ። ይህን ግን በቃለ ጉባኤው ላይ የሚጽፍበት ቋንቋ አጣ።

አውቶቡስ ነጂው ለምሳ መጥቶ ነበር። የተቀመጠውን ሰው አየ፣ ማሽኑን አየ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ጎንበስ ብሎ መጋረጃውን ገለጠ። አንዲት ቁልፍ ቢጫን ጠቅ አለና ዲስኬቱ ተስፈንጥሮ ወጣ። በቀይ የተጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

«ለአደጋ ጊዜ ብቻ።» ከዚያ ገልበጥ አድርጎ አየው። «ጋሼ፣ አደጋው ይሄው ራሱ መሰለኝ።»

ማሽኑ ሳምንቱን ሙሉ በየጠዋቱ ልቡ ደህና ከሆነው ከራሱ ሊኑክስ ሳይሆን፣ በእርጅና ከበሰበሰው ዲስኬት ለመነሳት ሲታገል ነበር የከረመው። አሁን ሲበራ አሥረኛዋ ነጥብ መጣች፣ አሥራ አንደኛዋም ተከተለች፣ ማሽኑ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሳ። ኢንጂነሩ የደንበኞችን መዝገብ ከፈተ። ስክሪኑ ላይ «ጠቅላላ የደንበኞች ብዛት፤ አንድ» የሚል መጣ።

አንዱ ደንበኛ እሱ ራሱ ነበር። በምረቃው ዋዜማ ለሙከራ ራሱን አስገብቷል፤ ወገብ፣ ሰማንያ ስምንት። ከዚያ ወዲህ ማንም ምንም አልጻፈበትም።

ወደ ስፌት ክፍሉ እንዴት እንደደረሰ አያውቅም። ሊናዘዝ ነበር የገባው። ግድግዳው ላይ በተወጠረው ገመድ ስምንት ሐምራዊ ቀሚሶች ተኩሰው ተሰቅለዋል። ሚስቱ የመጨረሻውን ክር በጥርሷ እየበጠሰች ነበር። ሰማያዊው ደብተር ጭኗ ላይ ተዘርግቷል።

«በምን ሰፋሻቸው?» አላት።

«በደብተሩ ነዋ።»

«ደብተሩማ ስክሪኑ ሥር ነው።»

«ስክሪኑ ሥር ያለው ያንተ መጽሐፍ ነው» አለች። «በሁለተኛው ሳምንት ነው ያወጣሁት። አንድ ቀን ማሽኑ ላይ ልጽፍ ሞክሬ ነበር። ‹ትንፋሽ ትይዛለች› ብዬ ስጽፍበት ‹ቁጥር ብቻ ያስገቡ› አለኝ። ቁጥር ብቻ ጽፌማ ቀሚሱ እንዴት ይገባታል?»

«ታዲያ ስክሪኑ ዝቅ አላለም እኮ።»

«አንገትህን እንዳያምህ ብዬ መጽሐፍህን በቦታው አስገባሁ። ሁለቱንም በሜትር ለክቻቸዋለሁ፤ ውፍረታቸው እኩል ነው።»

ኢንጂነሩ ተመልሶ ሄዶ ስክሪኑን አነሳ። ጨርቁ እንደነበረ ነው። ቢፈታው ሳምንቱን ሙሉ ላይ ታች ያለበት መጽሐፍ ተጋድሟል። ማሽን አልነሳ ሲል ምን ይደረጋል የሚለውን ምዕራፍ አወጣ። የመጀመሪያው መስመር «ማንኛውንም ነገር ከመፍታትዎ በፊት ዲስኬት ተሰክቶ እንዳልቀረ ያረጋግጡ» ይላል። መጽሐፉን ይዞ ወደ ሚስቱ ተመለሰ።

«ሳምንቱን ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርህ ስል ጣልቃ አይገባም አልከኝ። ደግሞ ለራስህ ደስታ የምትፈታታው ነው የመሰለኝ። መቼ ሳትፈታታ ቀርተህ ታውቃለህ?»

«ላንቺ ነበር እኮ» አለ መጽሐፉን ደረቱ ላይ አቅፎ። «ልኬቱ ጠፋብሽ ብዬ። ጋውኑ ቀረብሽ ብዬ ነው።»

ሚስቱ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰካችና ቀና ብላ አየችው። እንደዚህ ሆኖ አይታው አታውቅም። «አንተ ሰውዬ» አለችው ለስለስ ብላ። «ጋውኑ የት ይሄድብኛል። እኔን የገረመችኝ ነርሷ ናት። ረቡዕ መጥቼ አያቸዋለሁ ብላ ቀረች።»

ያኔ ኢንጂነሩ ምድር ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። በሳምንቱ ውስጥ አንድ እውነተኛ አደጋ ነበር፤ እሱን የፈጠረው ደግሞ ኮሚቴው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቃለ ጉባኤ ተናገረ።

«መጥታ ነበር። እኔ ነኝ የመለስኳት። ልኬቱ የለም አልኳት።»

መቀሱ ጠረጴዛው ላይ ጠብ አለ። ሚስቱ ፊቷ ተለዋወጠ፤ አልጮኸችም፣ ስልኩን አነሳች። ነርሷ የተገኘችው አንድ የተሰፋ ልብስ መሸጫ ውስጥ፣ ስምንት አንድ ዓይነት ቀሚስ ፍለጋ ላይ ነው። «ስድስት አግኝቻለሁ» አለች በስልኩ። «ሁለት ነው የቀረኝ።»

«ባለሽበት ቁሚ» አለቻት ልብስ ሰፊዋ።

ስምንቱ ቀሚሶች ተራው ባልደረሰ አውቶቡስ፣ በስምንት ወንበር ላይ ተሰቅለው ሄዱ። ኢንጂነሩ እንዳይከተል ተነግሮት ቤት ቀረ። እስኪያመሽ ድረስ ሦስቱን ትርፍ ብሎኖች በእጁ እያሻሸ በር በሩን አየ። በመጨረሻ ሚስቱና ወንድሟ ተመለሱ።

«እ?» አለ።

«ከሌላ ከተማ የመጡት ሁሉ ለብሰው አይተናል» አለ ነጂው። «ልክክ ነው። ከመካከላቸው ስትለካ ትንፋሽ ይዛ የነበረችውም ሳትቀር።»

«ጋውኑስ?»

«ሰጥታኛለች» አለች ሚስቱ። «አንድ ነገር ብቻ ጠይቃለች። ስትመጣ በሩን የምከፍትላት እኔ እንድሆን።»

ኢንጂነሩ አንገቱን ደፍቶ ቅድመ ሁኔታውን ተቀበለ። መጥረጊያውና ባልዲው ወደ ቀድሞ ቦታቸው እንዲመለሱም በገዛ ፈቃዱ ሐሳብ አቀረበ።

«እሱ ይቆየን። ነገ ሠርግ የምትሄድበት ሱሪ ሆድህ ላይ አይቆለፍም» አለችው። «ና ቁምልኝ፣ ላስፋልህ።»

«መለካት አያስፈልግም፤ ልኬቴ ማሽኑ ላይ አለ። ሰማንያ ስምንት ነኝ።»

ሚስቱ ሜትሯን ወገቡ ላይ ጠመጠመች። ኢንጂነሩ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እንደ ምረቃው ቀን ደረቱን ነፋ። እሷ ቁጥሩን አየች፣ ፊቱን አየች፣ ከዚያም ደብተሯን ገልጣ መጻፍ ጀመረች። የአንድ ቁጥር ጽሑፍ ያን ያህል መርዘሙ ግራ ገብቶት በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አየ።

«ወገብ፣ መቶ አንድ። ሲለካ ትንፋሽ ይይዛል፤ ሦስት ሴንቲ ይጨመር።»

ኢንጂነሩ አነበበና ትንፋሹን ለቀቀ።